የማይታመነው መረብ እና ተጠራጣሪው አንባቢ፦ የከርቤሮስ ታሪክ እና የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድኖች ድርሻ

(ለፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ግልባጭ። በንግግሩ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የማነሣው ጥያቄ ለባለሙያ ብቻ የቀረበ ቢመስልም ሁላችንንም በየዕለቱ የሚነካ ነው። በልዩ ልዩ ሥፍራ የተቀመጡ ኮምፒዩተሮች በመረብ ተያይዘው እንደ አንድ ሥርዓት ሲሠሩ፣ አንዱ ሌላውን በምን ያምነዋል? በመካከላቸው ያለውን መስመር ማን እንደሚያዳምጠው ሳይታወቅ፣ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል መልእክት ሲደርስ፣ ተቀባዩ እውነት ስለመሆኑ በምን እርግጠኛ ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው እና እስከ ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚሠራው መልስ ከርቤሮስ ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ሶፍትዌር ነው። ታሪኩን የመረጥሁት ግን የስኬት ታሪክ በመሆኑ ብቻ አይደለም። በረጅም ዘመን ጉዞው ውስጥ ስሕተቶቹ እንዴት እንደ ተገኙ፣ ማን እንዳገኛቸው እና አንዳንዶቹም ለምን ያን ያህል ዘመን ተሰውረው እንደ ቆዩ ስናይ፣ የዩኒቨርሲቲ የምርምር ቡድን ለምን እንደሚያስፈልግ የሚያስረዳን ነገር እናገኛለን። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ አስተማማኝ ሶፍትዌር የሚወለደው በይፋ የተገለጠ ሥራ እና ሥራውን በጥርጣሬ የሚመረምር አንባቢ ሲገናኙ ነው። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይበቃም።

፩. የይለፍ ቃሉ መዝገብ

ታሪኩ የሚጀምረው መረብ ከመዘርጋቱ በፊት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤም አይ ቲ በምንለው፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ የሚመራ ቡድን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት ሠራ። ሥርዓቱ አንድን ትልቅ ኮምፒዩተር ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ተካፍለው እንዲጠቀሙበት ያስቻለ ነበር። ሰዎቹ አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳያይ ለእያንዳንዱ ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ተሰጠው፤ የይለፍ ቃሎቹም ሁሉ በአንድ መዝገብ ተቀመጡ።

ኮርባቶ የቱሪንግ ሽልማትን በተቀበለ ጊዜ ባደረገው ንግግር ስለዚህ መዝገብ አንድ ታሪክ ተናግሯል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ፣ የዕለቱ ማስታወቂያ ይወጣልኛል ብሎ ሲጠብቅ የተጠቃሚዎች ሁሉ የይለፍ ቃል ተዘርዝሮ ወጣለት። ምክንያቱ የጠላት ሤራ አልነበረም። ከሥርዓቱ ኃላፊዎች አንዱ የዕለቱን ማስታወቂያ ሲያርም ሌላው በተመሳሳይ ሰዓት የይለፍ ቃሎቹን መዝገብ ያርም ነበር። የማረሚያው ፕሮግራም ለሁለቱም ሥራዎች አንድ ስም ያለው ጊዜያዊ ፋይል ፈጠረ፤ ፋይሎቹም ተቀያየሩ። ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ሁለት ሰው በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ይሠራበታል ብለው አላሰቡም ነበር። በዚህ ንግግር የምናያቸው ውድቀቶች አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው፤ ቁልፉ ተሰብሮ ሳይሆን፣ ማንም ቃል ሳያወጣለት በልብ የተያዘ ግምት ሐሰት ሆኖ ሲገኝ የሚደርሱ ናቸው።

በዚያው ዐሥር ዓመት በእንግሊዝ አገር በኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሮጀር ኒድሃም ለይለፍ ቃል መዝገብ ሌላ መፍትሔ አመጣ። የይለፍ ቃሉን ራሱን ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ወደ ኋላ ሊመለስ በማይችል ስሌት የተለወጠ ቅርጹን ማስቀመጥ ይበቃል አለ። እንዲህ ከሆነ መዝገቡ በሰው እጅ ቢወድቅ እንኳ የይለፍ ቃሎቹ በቀጥታ አይነበቡም። ዛሬ ይህ አሠራር ለማንኛውም የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የታወቀ ነው።

በ1975 ደግሞ ከኤም አይ ቲ ጀሮም ሳልትዘር እና ማይክል ሽሮደር በኮምፒዩተር ውስጥ ያለ መረጃ ስለሚጠበቅበት መንገድ ሰፊ ጽሑፍ አሳተሙ። በውስጡ ካስቀመጧቸው 8 መርሆች አንዱ የጥበቃ ሥርዓት ንድፍ ምስጢር መሆን የለበትም የሚል ነው። ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ነው፤ ንድፉን ግን ማንም እንዲመረምረው መፍቀድ ይገባል። የእነዚህን ሁለት ሰዎች ስም እንያዝ፤ ሁለቱም በታሪኩ ውስጥ ተመልሰው ይመጣሉ።

፪. በመረብ ላይ ስለ ማንነት

በ1970ዎቹ ኮምፒዩተሮች በመረብ መያያዝ ሲጀምሩ ችግሩ መልኩን ለወጠ። አንድ ኮምፒዩተር ብቻ በነበረበት ጊዜ የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው እና አገልግሎቱን የሚሰጠው ያው አንድ መኪና ነበር። መረብ ሲመጣ ግን መጠየቂያው እዚህ፣ ፋይሉ እዚያ፣ ማተሚያው ሌላ ሥፍራ ሆነ። የይለፍ ቃል በመስመር ላይ ከተላከ መስመሩን የሚያዳምጥ ሁሉ ያገኘዋል።

በ1978 ኒድሃም እና ሽሮደር ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አጭር ጽሑፍ አወጡ። ሽሮደር ቀድሞ የኤም አይ ቲ ሰው ነበር፤ ኒድሃም ከኬምብሪጅ መጥቶ ነበር፤ የተገናኙት በካሊፎርኒያ በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ነው። ጽሑፉ ጠላትን የሚያየው በጣም ኃይለኛ አድርጎ ነው፤ በመረቡ ላይ የሚያልፈውን መልእክት ሁሉ ማንበብ፣ መለወጥ፣ አስቀርቶ በኋላ መልሶ መላክ የሚችል ነው። ይህ ሁሉ ተፈቅዶለት እንኳ ሁለት ሰዎች ተማምነው መነጋገር እንዲችሉ ምን መደረግ አለበት?

መልሳቸው አንድ ማእከላዊ አረጋጋጭ ማቆም ነበር። አረጋጋጩ ከእያንዳንዱ ተጠቃሚ ጋር የምስጢር ቁልፍ ይጋራል። ሁለት ወገኖች ሊነጋገሩ ሲፈልጉ ለዚያ ንግግር ብቻ የሚያገለግል አዲስ ቁልፍ ይፈጥርና ለሁለቱም በየራሳቸው ቁልፍ መስጥሮ ይሰጣል። የጽሑፉ መደምደሚያ ግን ከመልሱ ባልተናነሰ ይደነቃል። እንዲህ ያሉ ፕሮቶኮሎች እጅግ ረቂቅ ለሆኑ ስሕተቶች የተጋለጡ እንደ ሆኑ፣ ስሕተቶቹም በዕለት ተዕለት አሠራር ሊታዩ እንደማይችሉ፣ ስለዚህም ትክክለኛነታቸውን የሚያረጋግጥ ዘዴ በብርቱ እንደሚያስፈልግ ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ተናገሩ። የሚፈልግ ሁሉ ወደዚህ ምርምር እንዲገባም ጋበዙ። ሥራቸውን በተቺ ፊት አኖሩት ማለት ነው።

ግብዣውን ለመቀበል ብዙ አልዘገየም። በ1981 ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዶሮቲ ዴኒንግ እና ጆቫኒ ሳኮ አንድ ቀዳዳ አሳዩ። አንድ አሮጌ የንግግር ቁልፍ በሆነ መንገድ በጠላት እጅ ቢገባ፣ ጠላት የቀድሞውን መልእክት ደግሞ በመላክ ያንኑ የከሰመ ቁልፍ እንደ አዲስ ሊያስቀበል ይችላል። ተቀባዩ መልእክቱ የዛሬ ይሁን የአምና የሚለይበት ምልክት የለውም። መፍትሔው በመልእክቱ ላይ የተሠራበትን ሰዓት ማተም ነው አሉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ሌላ ቡድን ይህንን አንብቦ ወደ ተግባር ለወጠው።

፫. አቴና

በ1983 ኤም አይ ቲ ከዲጂታል ኢኩዊፕመንት እና ከአይቢኤም ኩባንያዎች ጋር ሆኖ ፕሮጀክት አቴና የተባለ ሰፊ ሥራ ጀመረ። ዓላማው የደኅንነት ምርምር አልነበረም፤ ተማሪዎች ሁሉ በየትኛውም የግቢው ክፍል ከሚገኝ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጠው ፋይላቸውን እና ሥራቸውን እንዲያገኙ ማድረግ ነበር። ከ1984 ጀምሮ የቴክኒክ ዳይሬክተሩ ያ የ1975ቱ ጽሑፍ ባለቤት ጀሮም ሳልትዘር ነበር።

ችግሩ ከዚህ ይነሣል። በዘመኑ በዩኒክስ ዓለም የነበረው ልማድ አንድ ኮምፒዩተር የሌላውን ኮምፒዩተር ቃል አምኖ መቀበል ነበር፤ «ይህ ተጠቃሚ እገሌ ነው» ካለው ይበቃል። ኮምፒዩተሮቹ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ ሆነው በጥቂት ኃላፊዎች ሲጠበቁ ይህ ይሠራል። በአቴና ግን ኮምፒዩተሮቹ በአደባባይ ነበሩ። ማንኛውም ተማሪ የተቀመጠበትን ወርክስቴሽን አጥፍቶ በራሱ መንገድ ማስነሣት፣ የሙሉ ሥልጣን ባለቤት መሆን እና የፈለገውን ስም መናገር ይችል ነበር። ስለዚህ ወርክስቴሽኑ የሚናገረው ምንም ነገር ሊታመን አይችልም።

እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ይህን ጥያቄ ያመጣው የግቢው የዕለት ኑሮ ነው። በባንክ ወይም በጦር ሠራዊት ውስጥ ኮምፒዩተሩን የሚነካው የተመረጠ ሰው ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ግን የሚነካው ትምህርቱ መመራመር የሆነ፣ ጊዜ እና ጉጉት የተረፈው ወጣት ነው። በተመሳሳይ ዓመታት በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ከአይቢኤም ጋር የተካሄደው የአንድሩ ፕሮጀክትም ተመሳሳይ ችግር ገጥሞት ተመሳሳይ መንገድ ያዘ። እነርሱ የሚታመኑትን አገልጋይ ኮምፒዩተሮች በአንድ ወገን፣ የማይታመኑትን የተጠቃሚ ወርክስቴሽኖች በሌላ ወገን አድርገው ሥርዓታቸውን ሠሩ፤ ማንነትን ለማረጋገጥም የኒድሃምን እና የሽሮደርን ሐሳብ ተጠቀሙ። የፋይል ሥርዓታቸውም ቆይቶ በከርቤሮስ መጠቀም ጀምሯል።

በአቴና ሥራውን በዋናነት የነደፉት ስቲቭ ሚለር እና ክሊፎርድ ኒውማን ናቸው። ኒውማን በ1985 ከዚያው ከኤም አይ ቲ የመጀመሪያ ዲግሪውን የያዘ ወጣት ነበር። የሥርዓቱን ስም ከግሪክ አፈ ታሪክ ወሰዱት፤ ከርቤሮስ የሙታንን ዓለም በር የሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ ነው። በ1988 ጄኒፈር ስታይነር፣ ኒውማን እና ጄፍሪ ሺለር ባቀረቡት ጽሑፍ እንደ ተገለጸው፣ ከ1987 መጀመሪያ አንሥቶ የአቴናን 5,000 ተጠቃሚዎች፣ 650 ወርክስቴሽኖች እና 65 አገልጋይ ኮምፒዩተሮች ማንነት የሚያረጋግጠው ብቸኛው መንገድ ከርቤሮስ ሆነ።

በዚያው ዓመት ቢል ብራያንት የተባለው የአቴና ባልደረባ ንድፉን ያስረዳው በመደበኛ የምርምር ጽሑፍ ሳይሆን በአራት ትዕይንት በተከፈለ የቃለ ተውኔት መልክ ነው። አቴና እና ዩሪፒደስ የተባሉ ሁለት ገጸ ባሕርያት ይከራከራሉ። አንዷ መፍትሔ ስታቀርብ ሌላው ቀዳዳውን ያሳያታል፤ ተመልሳ ታሻሽላለች፤ እርሱም እንደገና ያፈርሳል። በክርክሩ መጨረሻ ከርቤሮስ ሆኖ ይገኛል። ተውኔቱ ለተማሪ የሚያስተምረው የፕሮቶኮሉን ቅደም ተከተል ብቻ አይደለም፤ ንድፍ የሚሠራው ከጎን የሚጠራጠር ሰው ሲኖር መሆኑንም ነው።

፬. ደብዳቤው እና ማኅተሙ

አሠራሩን በምናውቀው ነገር ላስረዳ። ከእናንተ ለጥናት መረጃ የሰበሰባችሁ ሁሉ የትብብር ደብዳቤን ታውቃላችሁ። ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ስትሄዱ ዘበኛውም ጸሐፊዋም አያውቋችሁም፤ የሚያውቁት የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም ነው። ደብዳቤው ስማችሁን፣ የተጻፈበትን ቀን እና ለማን እንደ ተጻፈ ይዟል። መሥሪያ ቤቱ እናንተን የሚያምነው በማኅተሙ አማካይነት ነው።

በከርቤሮስ ይህ ደብዳቤ ቲኬት ይባላል። ተማሪው ስሙን ወደ ማእከላዊው አረጋጋጭ ይልካል፤ የይለፍ ቃሉን ግን አይልክም። አረጋጋጩ የሚመልሰው መልስ ከተማሪው የይለፍ ቃል በተሠራ ቁልፍ የተመሰጠረ ነው። ተማሪው የይለፍ ቃሉን በራሱ ወርክስቴሽን ላይ ሲጽፍ ጥቅሉ ይፈታል፤ ሌላ ሰው ቢያገኘው አይፈታለትም። በጥቅሉ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፦ ለንግግሩ የሚሆን አዲስ ቁልፍ እና ያው ቁልፍ በተቀባዩ አገልግሎት ቁልፍ ታሽጎ የተቀመጠበት ቲኬት። ተማሪው ቲኬቱን መክፈት አይችልም፤ ተሸክሞ ማድረስ ብቻ ነው የሚችለው። አገልግሎቱ ቲኬቱን ከፍቶ የተማሪውን ስም እና አዲሱን ቁልፍ ያገኛል።

ነገር ግን ደብዳቤ ሊሰረቅ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ከቲኬቱ ጋር በአዲሱ ቁልፍ የተመሰጠረ፣ ስሙን እና የአሁኑን ሰዓት የያዘ ትንሽ ማረጋገጫ አብሮ ይልካል። ቲኬቱን የሰረቀ ሰው ቁልፉ ስለሌለው አዲስ ማረጋገጫ መሥራት አይችልም፤ አሮጌውን ደግሞ ቢልከው ሰዓቱ ያልፍበታል። የዴኒንግ እና የሳኮ የ1981 ምክር በተግባር የዋለው እዚህ ነው። በዚህም ምክንያት በመረቡ ላይ ያሉ ኮምፒዩተሮች ሰዓታቸው ሊስማማ ይገባል፤ በተለምዶ የሚፈቀደው ልዩነት 5 ደቂቃ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን በእኛ አቆጣጠር 3 ብሎ በእጁ የሞላ ሰው፣ ኮምፒዩተሩ ከሌሎቹ በ6 ሰዓት ተለይቶ ከርቤሮስ በር ላይ ይመልሰዋል።

ተማሪው ለእያንዳንዱ አገልግሎት የይለፍ ቃሉን እንዳይጽፍ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ብልሃት አለ። መጀመሪያ የሚያገኘው ቲኬት ሌሎች ቲኬቶችን ለማውጣት የሚያገለግል ነው፤ የይለፍ ቃሉ አንድ ጊዜ ተጽፎ ወዲያው ከኮምፒዩተሩ ማኅደር ይደመሰሳል። በአቴና ይህ ቲኬት የሚቆየው ለ8 ሰዓት ነበር።

ንድፉ ዋጋ አለው። አረጋጋጩ ኮምፒዩተር ከተደፈረ ሁሉም ነገር ተደፍሯል፤ ማኅተሙ ራሱ እንደ ተሰረቀ ነው። ተማሪው የተቀመጠበት ወርክስቴሽን የይለፍ ቃሉን ቀድቶ የሚያስቀር ከሆነም ከርቤሮስ የሚያደርገው ነገር የለም። ደካማ የይለፍ ቃል የመረጠ ሰው የተመሰጠረለትን ጥቅል የያዘ ጠላት ቃላትን እየሞከረ ሊደርስበት ይችላል። በ1990 ከኤቲ ኤንድ ቲ ቤል ላቦራቶሪዎች ስቲቨን ቤሎቪን እና ማይክል ሜሪት እነዚህን እና ሌሎች ድክመቶችን ዘርዝረው አሳተሙ። በዚያን ጊዜ አምስተኛው የከርቤሮስ ቅጂ በመዘጋጀት ላይ ነበር። በጆን ኮል እና በኒውማን ተዘጋጅቶ በ1993 እንደ በይነመረብ መስፈርት ሲወጣ፣ የይለፍ ቃል የመገመት ሙከራን የሚያከብድ ቅድመ ማረጋገጫን የመሰሉ ማሻሻያዎችን ይዞ ወጣ።

፭. ለረጅም ዘመን ያልታዩ ስሕተቶች

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ቀና ይመስላል፤ አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል፣ ሦስተኛው ያርማል። ነገር ግን ሁለት ሌሎች ታሪኮች አሉ።

የመጀመሪያው በ1995 የሆነ ነው። ኒድሃም እና ሽሮደር በዚያው በ1978ቱ ጽሑፍ ውስጥ ከርቤሮስ ከተመሠረተበት ፕሮቶኮል ሌላ በአደባባይ ቁልፍ ምስጠራ የሚሠራ ሁለተኛ ፕሮቶኮል አቅርበው ነበር። በ1989 ኒድሃም ራሱ ከማይክል በሮውዝ እና ከማርቲን አባዲ ጋር ፕሮቶኮሎችን በሥነ አመክንዮ የሚመረምር ዘዴ አሳተመ፤ ይህም ፕሮቶኮል በዘዴው ተመርምሯል። ከዚያ በኋላ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጋቪን ሎው በውስጡ ማንም ያላየውን ቀዳዳ አሳየ። አንድ ሰው ሐቀኛ ካልሆነ ሌላ ሰው ጋር በፈቃዱ ንግግር ቢጀምር፣ ያ ሐቀኛ ያልሆነው የሰውየውን መልእክት ለሦስተኛ ወገን እያቀበለ በሰውየው ስም መነጋገር ይችላል።

ፕሮቶኮሉ ከታተመ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ዋናው ክፍል ከሦስት መልእክት አይበልጥም፤ በአንድ ገጽ ላይ ይሰፍራል። ብዙ ሊቃውንት አንብበውታል፤ አስተምረውታል። ቀዳዳው የተሰወረው ሁሉም የሚነጋገሩት ሰዎች ሐቀኞች ናቸው፣ ጠላት የሚመጣው ከውጭ ነው የሚለውን ግምት ይዘው ስላነበቡት ነው። የ1989ኙም ዘዴ ይህንኑ ግምት የያዘ ነበር። የሎው መድኃኒት በሁለተኛው መልእክት ውስጥ የመላሹን ስም መጨመር ብቻ ነበር። ሎው ቀጥሎም ሁኔታዎችን ሁሉ በተራ የሚፈትሽ የኮምፒዩተር መሣሪያ በመጠቀም ጥቃቱን እና የታረመውን ፕሮቶኮል መረመረ። ኒድሃም እና ሽሮደር በ1978 ይመጣል ብለው የጠሩት የማረጋገጫ ዘዴ በገዛ ሥራቸው ላይ ተፈተነ።

ሁለተኛው ታሪክ ከርቤሮስን በቀጥታ ይነካል። በ1996 በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በዩጂን ስፓፎርድ የሚመራው የኮስት ላቦራቶሪ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ ብሪን ዶል እና ስቲቭ ሎዲን፣ አራተኛው የከርቤሮስ ቅጂ የንግግር ቁልፎችን የሚፈጥርበትን ኮድ መረመሩ። ቁልፎቹ በዘፈቀደ የተገኙ እና ሊገመቱ የማይችሉ መሆን ነበረባቸው። ነገር ግን መነሻ የሆኗቸው ነገሮች፣ ለምሳሌ ሰዓቱ፣ ለመገመት ቀላል ነበሩ፤ ስለዚህ ቁልፉ በሰከንዶች ውስጥ ሊገኝ ይችል ነበር። ንድፉ ትክክል ነው፤ ምስጠራው ትክክል ነው፤ ቁልፉ የተሠራበት አፈር ግን አሸዋ ነበር።

ይህ ኮድ ለማንም ክፍት ነበር። በዓለም ዙሪያ ዩኒቨርሲቲዎች እና ኩባንያዎች ቀድተው ተጠቅመውበታል። ስሕተቱ ግን 10 ዓመት ያህል ሳይታረም ቆይቷል። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ያስተዋሉት ይህንን ነው፤ ምንጭ ኮድን መግለጥ ብቻውን ለትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም። ሁሉም ሌላው አንብቦታል ብሎ ሲያስብ ማንም ሳያነበው ሊቀር ይችላል። አባቶቻችን ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ በዚህ ታሪክ ደግሞ ሁሉም ጥርጣሬውን ለጎረቤቱ ትቶለት ነበር።

፮. ድንበር የተከለከለ ኮድ

ክፍት ሥራ ሌላም ፈተና ነበረበት። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መንግሥት የምስጠራ ሶፍትዌርን ከጦር መሣሪያ ጋር ስለሚመድብ ከርቤሮስን ወደ ውጭ አገር መላክ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ የምስጠራው ክፍል እና ምስጠራውን የሚጠሩት መሥመሮች ሁሉ የተወገዱበት ቅጂ ተዘጋጀ፤ ስሙም «አጥንቶች» የሚል ትርጉም ያለው ቦንስ ሆነ። በአውስትራሊያ ኤሪክ ያንግ የጎደለውን ምስጠራ ራሱ ጽፎ በአጥንቱ ላይ ሥጋ መለሰበት፤ ይህም ኢቦንስ ተባለ። የዚሁ ሰው የምስጠራ ሥራ ቆይቶ ዛሬ ኦፕን ኤስኤስኤል ለምንለው መሠረት ሆኗል። በስዊድን በስቶክሆልም የሮያል ቴክኖሎጂ ተቋም የነበረ ቡድን ደግሞ በኢቦንስ ላይ ተመሥርቶ የራሱን ቅጂ አዘጋጀ፤ በኋላም ለአምስተኛው ቅጂ ሄምዳል የተባለውን ነጻ ሶፍትዌር ጻፈ።

ከዚህ የምንማረው አለ። ኮዱ ድንበር ሲከለከል የታተመው ንድፍ ግን አልተከለከለም። መስፈርቱን ያነበበ ቡድን በሌላ አገር ሆኖ ከመጀመሪያው ጋር የሚግባባ ሥርዓት ራሱ መሥራት ቻለ። ይህ የሚሆነው ግን አንባቢው የማንበብ ብቻ ሳይሆን የመሥራትም ችሎታ ካለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። በ2000 የወጣው የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 2000 ከርቤሮስን የመረቡ ዋና ማረጋገጫ አደረገው፤ ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛው ጠዋት የይለፍ ቃሉን ጽፎ ወደ መረቡ ሲገባ ስሙን ሳያውቅ የሚገናኘው ከዚሁ ሥርዓት ጋር ነው። መስፈርቱ በ2005 እንደገና ታደሰ፤ ኤም አይ ቲ በ2006 አራተኛው ቅጂ ዘመኑን እንደ ፈጸመ አስታወቀ፤ በ2007 ደግሞ ሥራውን የሚደግፍ የተቋማት ኅብረት አቋቋመ። ለተማሪዎች የዕለት ችግር የተሠራ ሥርዓት የዓለም የጋራ መሠረት ሆነ፤ ጠባቂ እና ጠጋኝም ያስፈልገው ጀመር።

፯. ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል?

ከላይ የዘረዘርሁትን ታሪክ በአንድ ረድፍ ብናቆመው ኬምብሪጅ፣ ኤም አይ ቲ፣ ፐርዱ፣ ካርኔጊ ሜለን፣ ኦክስፎርድ፣ ስቶክሆልም ይሰለፋሉ። ኩባንያዎችም ገንዘብ እና ሰው ሰጥተዋል፤ ያለ እነርሱ ሥራው አይሆንም ነበር። ዩኒቨርሲቲዎቹ በልዩ የሰጡት ግን ሁለት ነገር ነው፤ የማይታመን ተጠቃሚ የሞላበት እውነተኛ የሙከራ ሜዳ እና የሌላውን ሥራ በማፍረስ ዲግሪ የሚያገኝ ሰው። የመጨረሻውን በዋዛ አልተናገርሁም። ዶል እና ሎዲን 10 ዓመት የቆየውን ስሕተት ያገኙት ተማሪዎች ሆነው፣ እንዲያነብቡ ጊዜ ተሰጥቷቸው፣ ማንበባቸውም እንደ ሥራ ስለ ተቆጠረላቸው ነው።

በእኛ አገር ይህ ጥያቄ ሩቅ አይደለም። ብሔራዊ የዲጂታል መታወቂያችን ፋይዳ የተገነባው በሞሲፕ ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር ከሚገኘው ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የወጣ፣ ምንጭ ኮዱ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር ነው። ይህ ማለት ዜጎችን «እናንተ እናንተ ናችሁ» ብሎ የሚመሰክረው ሥርዓት መሠረት፣ እንደ ከርቤሮስ ሁሉ፣ ከአንድ የትምህርት ተቋም የተነሣ እና ማንም ሊያነበው የሚችል ነው። እዚህ አዳራሽ ያለ ማንኛውም የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ዛሬ ማታ ሊከፍተው ይችላል። ኮዱ መከፈቱ ግን ግማሹ መንገድ ነው። የቀረውን ግማሽ ሌላ አገር ያለ ሰው ይሄድልናል ብለን ከተቀመጥን የአራተኛውን ቅጂ ታሪክ እንደግመዋለን።

ስለዚህ ሦስት ነገር ለፋኩልቲያችን ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የደኅንነት ትምህርታችን የታተመ ፕሮቶኮልን ከነምንጭ ኮዱ ማንበብን ይጨምር፤ ተማሪው የሚጠየቀውም «እንዴት ይሠራል?» ብቻ ሳይሆን «ሳይናገር የገመተው ምንድን ነው?» ተብሎ ይሁን። ሁለተኛ፣ የሌላውን ሥራ መርምሮ ትክክል ሆኖ ያገኘው የድኅረ ምረቃ ጥናት አዲስ ነገር እንደ ፈጠረው ሁሉ ይከበር፤ ስሕተት አለማግኘትም ውጤት ነው። ሦስተኛ፣ በግቢያችን የምንጠቀምባቸውን ሥርዓቶች የምርምር ሜዳ እናድርጋቸው። አቴና የተወለደው ከግቢ ችግር ነው፤ የእኛም ግቢ ችግር አላጣም።

ኒድሃም በ2003 ዐርፏል። በ1978 ከሽሮደር ጋር ያቀረበው ግብዣ ግን አሁንም ክፍት ነው። የሚያስፈልገው አንባቢ ሥራውን የሚያከብር፣ ነገር ግን የማያምን አንባቢ ነው።